የግጦሽ መሬት ከመካፈል በፊት

የግጦሽ መሬት ልታዩ ስትሄዱ ገና ጎህ ሲቀድ ቦታው ላይ ተገኙ። በድሬዳዋ ዙሪያ በቀትር የሚታየው መሬት ሌላ መሬት ነው፤ ፀሐዩ ሰውንም ከብቱንም ጥላ ሥር አስገብቶት ሜዳው ጭር ይላል፣ ባለቤት የሌለው ይመስላል። በንጋት ግን ፍየሎቹ በየት በኩል እንደሚገቡ፣ ግመሎቹ በየትኛው ቀጭን መንገድ ወደ ውኃ እንደሚወርዱ፣ ሴቶች ቢጫ ጀሪካን አዝለው ከየት እንደሚመጡ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እስካሁን ያየሁት የመሬት ጠብና ኪሳራ አብዛኛው የተጀመረው በቀትር በመኪና ተደርሶ፣ ከመኪናው ብዙ ሳይርቁ በተሰጠ ውሳኔ ነው።

የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሠፈር ነው። በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ለብዙ ዓመታት ከቆላ ደጋ ተመላልሻለሁ። አሁን ዘመዳሞች፣ ዕድርተኞች፣ ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት ገንዘብ የላከላቸው ቤተሰቦች ተሰባስበው «ሰፊ የግጦሽ መሬት አግኝተናል፤ ተካፍለን አትክልትና ፍራፍሬ ልናለማበት ነውና ነይና እዪልን» ሲሉኝ አብሬያቸው እሄዳለሁ። እዚህ የጻፍኩት ያኔ የማደርገውን ነው።

«መሬት ልንገዛ ነው» ለሚለኝ ሰው በመጀመሪያ ቃሉን አስተካክልለታለሁ። የገጠር መሬት ከየካቲት 1967 አዋጅ ወዲህ አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ያው አንቀጽ አርብቶ አደሩ ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል፤ የግጦሽ መሬት የሚፈልግ ሰው ይህችን ንዑስ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብባት። ስለዚህ ገንዘባችሁ የሚያስገኝላችሁ የመጠቀም መብትን ነው። ይህም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ካለው ገበሬ በተመዘገበ የኪራይ ውል፣ ወይም ከመንግሥት በኢንቨስትመንት ሊዝ የሚገኝ ነው። በሦስት ምስክር ፊት የተጻፈ «የሽያጭ» ወረቀት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ መሬቱን አያስገኝላችሁም።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ነው፤ የቀድሞውን 456/1997 የተካው እሱ ነው። የኪራይ ዘመኑ ጣሪያ ስንት ዓመት እንደሆነና አንድ ማሳ ከስንት በታች መሸንሸን እንደማይችል በየአካባቢው ያለውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የትኛውን ጽሕፈት ቤት እንደምትጠይቁም አስቀድማችሁ እወቁ። ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነ አስተዳደር ነው፤ ከከተማው ወደ ሰሜን ጥቂት ስትርቁ ሶማሌ ክልል፣ ወደ ደቡብ ዳገቱን ስትወጡ ኦሮሚያ ይጀምራል። በአንድ ቀን ጉዞ ሦስት አስተዳደር ትነካላችሁ፤ የአንዱ ማኅተም ለሌላው አይሠራም። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ካለ ሚስትየውን ራሷን አግኟት። ባልየው «እሷ ምን ቸገራት» ካላችሁ ያን ቀን ምንም አትፈርሙ። መሬቱ የወል ከሆነ ደግሞ አንድ ሽማግሌም ሆነ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ብቻውን ሊያከራያችሁ አይችልም።

አሁን ወደ መሬቱ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ከከተማው በስተሰሜን ቆላው ላይ ለአሥራ ስድስት አባወራዎች አሥራ ሁለት ሄክታር መሬት ለክቼ ነበር። ያየነው በነሐሴ ነው። ሣሩ ጉልበት ድረስ ደርሶ፣ ከብት የሚባል በአካባቢው አልነበረም። ገመድ ዘርግተን ለእያንዳንዱ ሦስት አራተኛ ሄክታር እኩል አከፋፈልን፣ ዙሪያውን በእሾህ አጠርን፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ተተከለ። በጥር መንጋው ተመልሶ መጣ። መንገዱ ድሮም በዚያ ነበር፤ ያጠርነው እኛ ነን። አንድ ሽማግሌ አርብቶ አደር በትራቸውን በሁለት ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ እጃቸውን በበትሩ ላይ ሰቅለው አጥሩ ፊት ቆሙ። ከኋላቸው ግመሎቹ አንገታቸውን እያስረዘሙ ከእሾሁ ማዶ ያለውን የውኃ ሽታ ያሸታሉ። «ልጄ፣ መሬቱን ለካሽው። መንገዱን ማን ለካው?» አሉኝ በኦሮምኛ። የምመልሰው አልነበረኝም። ሽማግሌዎች ለሳምንታት ተቀምጠው መንገዱ ተከፈተ፤ ሁለት አባወራዎች ያለሙት ማሳ መሐል ለመሐል ተቆርጦ እንደገና ተለካላቸው። የአንዷ እናት የሽንኩርት መደብ ሲረገጥ የቆምኩበትን ቦታ ዛሬም አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ገመድ ከመዘርጋቴ በፊት የማይከፈለውን እለያለሁ። የከብት መንገድ፣ የውኃ ነጥብ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ መቃብር፣ ሰዎች የሚሸመግሉበት የዛፍ ጥላ፤ እነዚህ ለማንም አይደርሱም፣ የሁሉም ሆነው ይቀራሉ። ለማወቅም መሬቱን ሁለት ጊዜ እዩት፦ አንዴ በበጋ፣ በጥር ወይም በየካቲት፣ አንዴ ደግሞ በክረምት ዝናብ መሐል። በእኛ አካባቢ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ የበልጉ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ የክረምቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም። በሚያዝያ መጨረሻ የሚያሳያችሁ ሰው ካለ መሬቱን በሰርግ ልብሱ እያሳያችሁ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ዕፀዋቱን ማንበብ ነው። ቁርቁራ በብዛት ቆሞ ካገኛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ጎርፍ ያመጣው ጥልቅ ደለል አለ። ትልቅ ሾላ ውኃ ሩቅ እንዳልሆነ ይነግራችኋል። ሬትና ቁልቋል የተቆጣጠሩት ቦታ አፈሩ ስስ፣ ሥሩ ድንጋይ ነው፤ ከክፍፍሉ አውጡት። ቅንጨ አረምን ግን በተለየ ዓይን እዩት። ይህ ነጭ አበባ ያለው አረም በአገራችን መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ድሬዳዋና ሐረርጌ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬ «ፈረምሲሳ» ይለዋል፣ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ የሚያሰኝ ለማለት ነው። ሲበላ ወተት ያመርራል፣ የነካውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይረጫል። ሜዳው ላይ በየቦታው ካለ ከማበቡ በፊት ለመንቀል ለሁለትና ለሦስት ዓመት የሚወጣውን የሰው ጉልበት አስሉ። ፕሮሶፒስ የሚባለው ቆላውን የወረረ እሾሃማ ዛፍ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ይብሳል። ፍየል ፍሬውን በልታ በበጠጧ ትዘራዋለች፤ ግንዱን ብትቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከመሬት በታች ጉቶው ተቆፍሮ ካልወጣ አይለቅም። ለምንጠራው የምትከፍሉት ከኪራዩ ጋር መደመር አለበት።

ከዚያ ሣሩን እመዝናለሁ። ይህን ብዙ ሰው ይተወዋል፤ እኔ ግን ሳላደርገው አስተያየት አልሰጥም። ከሽቦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሠርታችሁ፣ ለምለሙንም ራቁቱንም ሳትመርጡ ሃያ ቦታ ጣሉት። ውስጡ ያለውን ሣር ከመሬት በጥቂት ጣት ከፍ አድርጋችሁ በማጭድ እጨዱ፤ በጥላ አድርቃችሁ ሲንኮሻኮሽ በኩሽና ሚዛን መዝኑ። አማካዩ 100 ግራም ከሆነ በሄክታር አንድ ቶን ደረቅ ሣር አለ ማለት ነው። ግማሹ ለመሬቱ ይቀራል፤ ከብት ሊበላ የሚገባው 500 ኪሎ ነው። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን ስድስት ኪሎ ከሩብ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ በዓመት ወደ 2,300 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ ለአንዲት ላም አራት ሄክታር ተኩል ያስፈልጋታል። በከብት ስሌት አሥር ፍየል ከእንዲህ ዓይነቷ አንድ ላም ጋር እኩል ይቆጠራል። ያ የኔ የመጀመሪያ ክፍፍል፣ ሦስት አራተኛ ሄክታር፣ በዓመት ሁለት ፍየል እንኳ በቅጡ አይቀልብም ነበር። ለአባወራው «ፍየልም ታረባበታለህ» ተብሎ ነበር የተነገረው። ግጦሽ ሲከፋፈል ግጦሽነቱ ያበቃል። ትንሿ እርሻ የምትኖረው በውኃ ወይም ታጭዶ በሚቀርብ መኖ ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው ለሁሉም አባል በግልጽ ተናገሩ።

ተዳፋቱን ለመለካት መሐንዲስ አያስፈልግም። አሥር ሜትር ሲባጎ፣ ሁለት ዘንግና የግንበኛ ውኃ ልክ ይበቃል። በአሥር ሜትር ውስጥ አንድ ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው። የ456/1997 አዋጅ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ ተዳፋት እንዳይታረስና በልቅ እንዳይጋጥበት ከልክሎ፣ ከ30 እስከ 60 በመቶ ያለውን ደግሞ ደረጃ እርከን ተሠርቶለት ብቻ ዓመታዊ ሰብል እንዲዘራበት ፈቅዶ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ የምሄደው በዚያ ልክ ነው፤ ለአነስተኛ አትክልት እርሻ እንዲያውም ከ15 በመቶ በላይ ያለውን አልመክርም፤ እርከኑን የሚክበው ጉልበት ከየት ይመጣል?

ጉድጓድ ቆፍሩ። በየሄክታሩ ቢያንስ አንድ፣ የአፈሩ ቀለም በተለወጠበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ሌላ፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር። አንድ ቀን ከደጋው ግርጌ አንድ ሜዳ ላይ ስንቆፍር የላይኛው ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ሥር የበዛበት ነበር፤ አባላቱ እርስ በርስ በደስታ ተያዩ። ቀጥሎ ዶማው «ቀጭ» አለ። ቆፋሪው ልጅ ዶማውን ገልብጦ አየው፣ ጥርሱ ታጥፏል። ከሥሩ ነጭ፣ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ የኖራ ድርብ ተዘርግቷል። የሰው ሁሉ ፊት ተለወጠ። በዚያ ሜዳ ላይ ማሽላ በደህና ዓመት ሊበቅል ይችላል፤ ማንጎና ብርቱካን ግን ሥራቸው ነጩ ላይ ደርሶ ይቆማል። እነሱ ደግሞ የመጡት ለማንጎ ነበር። በግማሽ ቀን ቁፋሮ ያን ማወቃቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ኪራዩን ከከፈሉ በኋላ ቢሆን ዓመታት ይፈጅባቸው ነበር።

ከጉድጓዱ ግድግዳ ከየድርቡ አንድ ጭብጥ አፈር ውሰዱ። በውኃ አርሳችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ ጥብጣብ አውጡ። ወዲያው የሚፈርስ ከሆነ አሸዋማ ነው፣ ውኃ አይዝም፤ ከትንሽ ጣት የሚረዝም ጥብጣብ ከወጣው ሸክላ ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ይጨቀያል፤ የምትፈልጉት በመሐል ያለውን ነው። ሌላ ጭብጥ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከፈላ ኖራ አለበት፤ ብዙ ከፈላ ብርቱካንና ሎሚ ቅጠላቸው ቢጫ ይሆንባችኋል። በመጨረሻ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሳችሁ ይስረግ፤ ሁለተኛውን አፍስሳችሁ በሰዓት ስንት ጣት እንደወረደ እዩ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ውኃ ያለበት ቦታ ሥር ያበሰብሳል። ስትጨርሱ ጉድጓዱን ድፈኑት፤ የሰው ፍየል እግሯ እንዳይሰበር።

ውኃው ላይ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡ። አንድ ጊዜ አንድ አከራይ ሞተሩን አስነስቶ በወፍራም ቱቦ ውኃ ሲለቅ አባላቱ እልል አሉ። እኔ ሞተሩ እንዳይጠፋ ለመንኩ። አርባ ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ቱቦው አስነጠሰ፣ ውኃው ቡናማ ሆነ፣ ጭቃ ተፋ፣ ቆመ። ጉድጓድ የሚፈተነው በሰኔ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ውኃው በጣም በወረደበት ጊዜ ነው፤ የሚፈተነውም ለመስኖ በምታስነሱት ሰዓት ልክ ነው። ገመድ ላይ በየሜትሩ ቋጠሮ አስራችሁ ጫፉ ላይ ድንጋይ አንጠልጥሉ፤ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊትና ከቆመ በኋላ የውኃውን ከፍታ ለኩ። ሃያ ሊትር ጀሪካን በአሥር ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ ሁለት ሊትር ነው፤ ያለ ማቋረጥ ሰባት ሰዓት ከሄደ ወደ 50,000 ሊትር። በእኛ ሙቀት አንድ ሄክታር አትክልት በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ይጠጣል፣ ይህም ልክ 50,000 ሊትር፣ ማለትም 250 በርሜል ነው። በአፈር ቦይ ላይ የሚሰርገው ሲነሳለት ያ ጉድጓድ ከግማሽ ሄክታር ብዙም አያልፍም። አሥራ ስድስት አባወራ ሆናችሁ ስትቆሙ ይህን አስቡ። ጎረቤቶቹ ስንት ሞተር እንዳላቸውም ቁጠሩ። የሐረርን ከተማ ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲደርቅ በዙሪያው እያንዳንዱ ሰው የሳበው ጥቂት ጥቂት ነበር።

ውኃውን ቅመሱት። ጨው ካለ ምላስ ያውቀዋል፤ ከዳር ነጭ ቅርፊት የሠራ መሬትም ይመሰክራል። የድሬዳዋን ውኃ በማንቆርቆሪያ ያፈላ ሰው ሁሉ በሥሩ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ ያውቃል፤ ያው ኖራ የጠብታ መስኖ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። ጠብታ መስኖ የምታስቡ ከሆነ ናሙናውን በንጹሕ ጠርሙስ ይዛችሁ ላቦራቶሪ ውሰዱት።

ስለ ጎርፍ የድሬዳዋ ሰው ሊነገረው አይገባም ነበር። በሐምሌ 1998 መጨረሻ አንድ ሌሊት፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ከተማውን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎች ወሰደብን። ያ ወንዝ በጋውን ሙሉ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አሸዋ ነበር። ስለዚህ ደረቅ አሸዋ ባያችሁበት ሁሉ ቀና ብላችሁ የዳር ዛፎቹን ቅርንጫፍ እዩ፤ ገለባና ጨርቅ የተንጠለጠለበት ከፍታ ጎርፉ የደረሰበት ነው። ቁመቱን ለኩ፣ በአካባቢው ያደጉ እናቶችን ጠይቁ፣ ከዚያ መስመር በታች ቤትም ሞተርም አይቀመጥ። ለም ደለል ነውና ያጓጓል፤ የሚዘራ ይዘራበት፣ ግን የማንም ድርሻ ሆኖ አይቆጠር።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው ክፍፍሉ የሚመጣው። ያንን የመጀመሪያውን አሥራ ሁለት ሄክታር ዛሬ ብለካው እንዲህ ይሆናል፦ ሃያ ሜትር ስፋትና አራት መቶ ሜትር ርዝመት ያለው የከብት መንገድ 0.8 ሄክታር፤ ሠላሳ ሜትር በአራት መቶ የጎርፍ መውረጃ 1.2፤ ሬት ያለበት ድንጋያማ ዳገት 2.5፤ የጋሪ መንገድና የጉድጓዱ ግቢ 0.5። ቀሪው ሰባት ሄክታር ነው። ለአሥራ ስድስት ሲካፈል ወደ 0.44 ሄክታር ይደርሳል እንጂ 0.75 አይሆንም። ኪራይ ስትደራደሩም በሰባቱ ተደራደሩ። በጥማድ የሚያወራ ሰው ካለ ደግሞ የትኛውን ጥማድ እንደሆነ ጠይቁ፤ በሐረርጌ ብዙ ቦታ ጥማድ የሄክታር ስምንተኛ ሲሆን በሌላው አገር ሩብ ነው። ከመሐል አገር የመጣ አባልና የአካባቢው ሰው በአንድ ቃል ሁለት ነገር እየተስማሙ ሲጨባበጡ አይቻለሁ።

እኩል ስፋት እኩል ድርሻ አይደለም። ለእያንዳንዱ አባወራ ከጉድጓዱ አጠገብ ትንሽ የአትክልት መደብ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ለማሽላና ለመኖ የሚሆን ሌላ መደብ መስጠት ከአንድ ወጥ ማሳ ይሻላል። ቅርጹንም አስቡ። ግማሽ ሄክታር በሃምሳ ሜትር በመቶ ሲሆን ዙሪያው 300 ሜትር ነው፤ ያው ግማሽ ሄክታር በሃያ በ250 ሲሆን 540 ሜትር አጥር ይፈልጋል። ረጅሙ ጎን ተዳፋቱን ተሻግሮ ይዋል፤ ቁልቁል የተዘረጋ ማሳ በመጀመሪያው ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ድንበሩን በስልክ አትለኩ፣ በጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል፤ በሃያ ሜትር ስፋት ላይ አራት ሜትር ስሕተት የአንድ ሰው ድርሻ አንድ አምስተኛ ነው። ሜትር ዘርጉ፣ ድንጋይ ትከሉ፣ ከዚያ ዕጣ አውጡ። መደቦቹን የሸነሸነው ሰው ዕጣውን የሚያወጣው መጨረሻ ይሁን።

በውሉ ቀን ንድፉን አባሪ አድርጉት፤ የከብት መንገዱና የጎርፍ መውረጃው በጉልህ ተሰምረው በሜትር ስፋታቸው ተጽፎ። ባልና ሚስት አከራዮች፣ የአዋሳኝ ባለይዞታዎች፣ በመንገዱ የሚያልፉ አርብቶ አደሮች ሽማግሌዎችም ይፈርሙበት፤ መጻፍ ለማይችሉ በቋንቋቸው ተነቦላቸው አውራ ጣታቸውን ያሳርፉ። አንዱን ቅጂ ለሽማግሌዎቹ ስጧቸው። በላስቲክ ተጠቅልሎ ቢሰጣቸው ይመረጣል፣ በዝናብ ይዘውት ስለሚንቀሳቀሱ።